ፒዲኤፉ ወደ መስመሩ እንዲመልስህ

ወንድም ጋሼ፣

ፒዲኤፉ ላይ አንድ ቃል ሁለቴ ስትጫን የመመረቂያ ጽሑፍህን ወደምትጽፍበት ፋይል መስመር አልወስድህ ያለው የፎልደሩን ስም «የመጨረሻው» ብለህ ስለቀየርከው ነው። እሱ የሚያውቀው የድሮውን ስም ነው፤ ተከራዩ የለቀቀውን ቤት እንደሚያንኳኳ እንግዳ ሆኖ ነበር። አዲሱ ፎልደር ውስጥ ፒዲኤፉን እንደገና አወጣሁት፣ አሁን ይሠራል። ሌላ ጊዜም ስም ከቀየርክ እንደዚሁ አድርግ።

መሥራቱን ለማየት የተጫንኩት የምስጋናው ገጽ ላይ ነው። ሳላስፈቅድህ ስላየሁት ይቅርታ።

ፋይሉ ውስጥ አማካሪህን ወዳመሰገንክበት መስመር ወሰደኝ። ከሥሩ «ሦስት ዓመት ሙሉ ግድፈቴን ያረመልኝ የአክስቴ ልጅ» ይላል። ፊቱ ላይ የፐርሰንት ምልክት አድርገህበታል። ያ ምልክት ያለበት መስመር ፒዲኤፉ ላይ እንደማይወጣ ያስተማርከኝ አንተው ነህ።

እንደ እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው አረመልኝ ማለት እንደሚከብድህ ይገባኛል። ብትነግረኝ ኖሮ እኔው ራሴ አጠፋው ነበር።

ምልክቱን አልነካሁትም።

የምዕራፍ አምስትን እርማት ጨርሻለሁ፤ ገጽ ሰማንያ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ብቻ አንዴ እየው።

እኔ ጋ የነበረውን የቤትህን ቁልፍ ኮምፒውተሩ አጠገብ ትቼዋለሁ።