የጉድጓዶቹ ወራሽ

እኔ ጋስፓር ሞቶምቢ፣ የኤቴንጎ መንደር ተወላጅና የመቅደሷ ጠባቂ፣ ሳንባዬ ቢደክምም ልቦናዬ ያልደከመ፣ የምናገረውን የማውቅ፣ ማንም ያላስገደደኝ ስሆን፣ ዛሬ ቅዳሜ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2019 በገዛ ቤቴ ተኝቼ፣ ምስክሮቼ በግራና በቀኜ ተቀምጠው፣ የመጨረሻ ቃሌን አስጽፌአለሁ። ጸሐፊው የመንደራችን አስተማሪ ኤቫሪስት ነው። ሰው አቋርጦኝ ቢናገር እንኳ የተባለውን ሁሉ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ፤ በዚህ ቤት ውስጥ የእኔ ቃል ብቻውን ተሰምቶ አያውቅምና።

በሕዝባችን ልማድ የሰው ንብረት ለእህቱ ልጅ እንጂ ለገዛ ልጁ አይተላለፍም። እህቴ ሳትወልድ ስላረፈች፣ የዘመዶቼም ሽማግሌዎች ስለ ፈቀዱልኝ፣ ያለኝን ለሁለቱ ልጆቼ ለአኒሴና ለብላንዲን አከፋፍላለሁ።

አንደኛ። ይህ ቤት ከጓሮው የካሳቫ እርሻና ከሙዙ ጋር የብላንዲን ይሁን። እናቷን ያስታመመች፣ አሁንም እኔን የምታገላብጥ እርሷ ናት። ወንዙ ዳር የታሰረችው ታንኳም የእርሷ ናት። ታንኳ ለሴት አይሰጥም የሚል ሰው ካለ፣ እስከ ዛሬ የማንን ዓሣ ሲበላ እንደ ኖረ ራሱን ይጠይቅ።

ሁለተኛ። መቅደሱ የእኔ አይደለምና ለማንም አላወርሰውም። ጠባቂው ባልንጀራዬ በገና ደርዳሪው ባዚል ንዚጉ ይሁን። ነገር ግን በመቅደሱ ቅዱስ እንጨት በኢቦጋ ላይ የደረሰውን ለማያውቁት መናገር አለብኝ።

ኢቦጋን ከአባቶቻችን ተቀብለናል። የሥሩን ቅርፊት የበላ ሰው ሙታኑን ያያል፤ ያነጋግራቸዋልም። አባቴ ያስተማረኝ አወጣጥ ይህ ነው። ዛፏ ጎልምሳ ፍሬ ካፈራች በኋላ አፈሩ በአንድ ወገን ብቻ ይገለጣል። ከጎን ሥሮች ለሕመምተኛው የሚበቃው ይቆረጣል፤ ዋናው ሥር አይነካም። አፈሩ ተመልሶ በእጅ ይጠቀጠቃል፤ ከፍሬዋም ዘሩ እዚያው አጠገቧ ይቀበራል። እስክታገግም ድረስ ማንም አይጠጋትም። አባቴ በወጣትነቱ ሥር ከቆረጠባት ዛፍ እኔም ሸምግዬ ቆርጫለሁ።

ከዚያ በኋላ ከባሕሩ ጠረፍ ሥሩን የሚገዙ ነጋዴዎች መጡ። ከባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች በእንጨታችን ከክፉ ሱስ ይላቀቁበታል አሉ። የተላቀቀ ካለ ደስ ይለኛል፤ የታመመን ሰው አልቀየምም። ገዢዎቹ ግን የሚፈልጉት በጆንያ ነበር፤ ጆንያም በጎን ሥር አይሞላም። ከጅረቱ ማዶ ያለውን ዳገት ያሳያቸው፣ ቆፋሪዎቹንም የመራቸው ልጄ አኒሴ ነው።

«ዋናውን ሥር ለምን ትነቅላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ ብተወው ሌላው ይነቅለው የለ፣ ፓፓ? የታችኛው መንደር ሰዎች እኮ ቀድመውን እያጋዙት ነው።»

«እነሱም ስላንተ እንደዚሁ ነው የሚያወሩት።»

«አይዞህ፣ ጫካው ሰፊ ነው። አንተ ይችን ዳገት ብቻ ስለምታውቅ ነው።»

በማግስቱም ወጣ።

ባለቤቴ ኡዤኒ የዛሬ ሁለት ዓመት በዝናቡ ማብቂያ ታመመች። መዳን እንደሌላት ስታውቅ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። «ጋስፓር፣ የጥፍር ያህል ቅርፊት ስጠኝ። እናቴን አግኝቼ መንገዱን ልጠይቃት።» ከባዚል ጋር ዳገቱን ወጣን። ያገኘነው ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ፣ ከአፉ ላይ ቅጠሉ የጠወለገ ግንድ የተጣለበት። ትንንሾቹን እንኳ፣ ገና ሥር ያልያዙትን፣ ነቅለው አይተው ጥለዋቸዋል። ከመቅደሱ ጀርባ የነበረችውንም አሮጊት ዛፍ ሌቦች ቀድመውን ወስደዋታል። አኒሴ ዘንድ ሰው ብንልክ «ጆንያው ሁሉ ወደብ ደርሷል» የሚል መልስ መጣልን።

ባዶ እጄን ተመለስሁ። ለመዋሸት አስቤ ነበር፤ ኡዤኒ ግን «እጅህን አሳየኝ» አለችኝ። ጭቃ ብቻ መሆኑን አየች። «ይሁን» አለች፤ «ያገኘሁትን ሰው እየጠየቅሁ እሄዳለሁ።» በሕይወቷ ምንም ፈርታ የማታውቀው ሴት የእጄን አንጓ ጨብጣ፣ እየፈራች፣ ሄደች።

አኒሴ ለቀብሯ መጣ። «ለእማዬ እንደሚያስፈልጋት ባውቅ ኖሮ» ብሎ ጀመረ። ብላንዲን «ታዲያ ለማን ነበር የመሰለህ?» አለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ደጃፍ አልረገጠም።

ሦስተኛ። ከጅረቱ ማዶ ያለው ዳገት ከእነ ጉድጓዶቹ የአኒሴ ይሁን።

እዚህ ላይ ልጄ ብላንዲን አቋረጠችኝ። «ለእሱ? ፓፓ፣ ለእሱ ምንም አይገባውም። ኤቫሪስት፣ ብላንዲን አልተስማማችም ብለህ ጻፍ።»

ሁለተኛዋ ምስክሬ ማማ ኦኖሪን «ኑዛዜው ያንቺ ነው እንዴ? ስትሞቺ ትናገሪያለሽ፤ አሁን ዝም በይ» አለቻት።

ባዚልም «ደግሞ ምን ሰጠውና ነው የምትቆጪው? ጉድጓድ እኮ ነው የሰጠው» አለ።

አልረገምሁትም፤ የምረግምበት አቅም ቢኖረኝ እንኳ ልጄ ነው። የሰጠሁት ግን ሥራ ነው። እያንዳንዱን ጉድጓድ በእጁ ይድፈን። ኢቦጋ ያለ ጥላ አያድግምና ትልልቆቹን ዛፎች አይቁረጥ። የተነቀለውን መልሶ ይትከል፤ የተከለውም ሳያፈራ አይንካ። ከዱር ነቅሎ መሸጥ በእርሱም በልጆቹም ላይ የተከለከለ ይሁን። መሸጥ የሚሻ በገዛ ጓሮው ያብቅል፣ ከጓሮው ይሽጥ። የሚተክለውን እርሱ ራሱ ቆርጦ ላይጠቀምበት ይችላል። ይህን አውቄ ነው የሰጠሁት።

አራተኛ። ኡዤኒ ካረፈች በኋላ ብላንዲን በካሳቫው አጥር ሥር አንዲት የኢቦጋ ችግኝ አገኘች። ወፍ ይጣላት ዝንጀሮ አናውቅም። ልጄ ዙሪያዋን አጥራ ፍየል እየከለከለች አሳደገቻት፤ ዛሬ ችግኟ እስከ ሰው ጉልበት ደርሳለች። ትናንት ብላንዲን መቆፈሪያ ይዛ አልጋዬ አጠገብ ቆመች።

«አንድ ቀጭን ሥር ብቻ» አለችኝ። «ከጎን በኩል፤ አንተ ባሳየኸኝ አወጣጥ።»

«አልደረሰችም። አሁን ከተነካች ትደርቃለች።»

«ትድረቅ። እማዬ እየፈራች ሄደች። አንተን ደግሞ እንደዚያ ስትሆን ቁጭ ብዬ አላይም።»

መቆፈሪያውን መሬት ላይ ጥላ እግሬ ሥር አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ። እኔም እፈራለሁ። አልዋሽም፤ በእነዚህ ሰዎች ፊት እንዲጻፍ እፈልጋለሁ፣ እፈራለሁ። ሆኖም ከዛሬ ጀምሮ እስከ መጨረሻ ትንፋሼ ማንም ቅርፊት በአፌ እንዳያኖር አዝዣለሁ። ከገበያ ገዝቶ የሚያመጣ ቢኖር ይመለስ፤ ከየትኛው ጉድጓድ እንደ ወጣ አናውቅም። ኡዤኒ ባዶ አፏን በሄደችበት መንገድ እኔ ጠግቤ አልሄድም። ችግኟ የብላንዲን ናት፤ ለእኔም ስትል አትነካትም።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ የራሴ መሆኑን አምኜ አውራ ጣቴን አኑሬበታለሁ። ከዚህ በኋላ የምለው ቢኖር የትኩሳት እንጂ የእኔ አይደለምና አይጻፍ።

ጋስፓር ሞቶምቢ፣ የጣት አሻራ
ባዚል ንዚጉ፣ ምስክር፣ ፊርማ
ኦኖሪን ማጋንጋ፣ ምስክር፣ የጣት አሻራ

የጸሐፊው ማስታወሻ። ምስክሮቹ ከፈረሙ በኋላ፣ ሰው የተላከበት ልጃቸው አኒሴ ሞቶምቢ ዝናብ እንደ መታው ደረሰ። ኑዛዜውን ከመጀመሪያው አነበብሁለት፤ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ። ከዚያም «የት ልፈርም?» አለኝ። ወራሽ በኑዛዜ ላይ እንደማይፈርም ነገርሁት። እጁን የሚያሳርፍበት ያጣ ይመስል ቆሞ ቀረ። አቶ ጋስፓር እግራቸውን ሰብስበው በአልጋው ጫፍ ቦታ ለቀቁለት፤ ተቀመጠ። ማንንም ሳያይ «ዘሩን ከየት ነው የማገኘው?» ሲል ጠየቀ። ብላንዲን ከበሩ ሆና «የኔዋ ታፍራ» አለችው። «እስከዚያ ጉድጓዱን ድፈን።»

አቶ ጋስፓር ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ነበር፣ ይህን መስማታቸውን ለማረጋገጥ አልቻልሁም።

ኤቫሪስት ኩምባ፣ ጸሐፊ