አንተ የላክኸኝ ቤተ ሙከራ

ታዴዬ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኔና ልጆችህ ደህና ነን። ከመናኸሪያ ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎለታል፤ ያ የምታማርረው ጭቃ የለም። ማርታ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ናቲም እንዳንተ ከኳስ ሌላ አይታየውም።

ዛሬ የምጽፍልህ ላመሰግንህ ነው።

ለፊዚክስ ምርምሬ ውጭ አገር ለወራት እንድሄድ ስጠራ፣ ታላቅ እህትህ እትዬ ብርቄ ቤት ድረስ መጥተው፣ «ሁለት ልጅ ጥላብህ ልትሄድ ነው?» አሉህ። ድምፅህን ሳታነሳ፣ «ጥላኝ አትሄድም እትዬ፤ እኔ ነኝ የምልካት» አልካቸው። ጓዳ ሆኜ ሰማሁህ።

አንተ የስፖርት አስተማሪው፣ ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ሄደህ ሹሩባ ተማርክ። ማርታ መጀመሪያ ላይ የተንጋደደ ሹሩባ ይዛ ትምህርት ቤት ዋለች፤ በኋላ ግን ከእኔ አስበልጠህ ትሠራላት ነበር።

ሐይቁ ዳር ስንቀመጥ ሥራዬን ደጋግመህ ታስነግረኝ ነበር። ከሞቀ ነገር ሁሉ ዓይናችን የማያየው ብርሃን ይወጣል፤ ኢንፍራሬድ የሚባለው። እሱን አጥርተው ከሚያዩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ እጅግ ካልቀዘቀዙ አይሠሩም። እኛ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ማግኔት፣ ያለ ማቀዝቀዣ፣ ክፍሉ ባለው ሙቀት ልንይዘው ፈለግን። ብርሃኑ ሲያርፍበት ማግኔቱ ይናወጣል፤ በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም ይለወጣል።

ግን እምቢ አለ። ሳምንታት አለፉ፤ ስክሪኑ ላይ የኤሌክትሪኩን ለውጥ የሚያሳየው መስመር ንቅንቅ አላለም። ደውዬ አለቀስኩብህ።

«ደክሞሻል ወይስ አልሆነም?» አልከኝ። «ከደከመሽ ተኚ። ካልሆነም ባዶ እጅሽን ነይ፤ ቤትሽ ነው።»

ተኛሁ። በነጋታው ሌላ ናሙና አስገብቼ ብርሃኑን ስከፍት መስመሩ ብድግ አለ። ስዘጋው ወረደ። ደግሜ ከፈትኩት፤ ተነሳ። ስደውልልህ ገና ስምህን እንደጠራሁ ገብቶህ ልጆቹን «እልል በሉ!» አልካቸው። «ሚስቴ ያለ በረዶ የሚሠራ ዓይን ሠራች» ብለህ ለሰፈሩ ስላዳረስክ፣ ስመለስ መነጽር መስሏቸው ዋጋውን የጠየቁኝ ነበሩ።

ከተመለስኩ በኋላ ዓመት እንኳ አብረን ሳንቆይ ልብህ ከድቶህ አረፍክ። እኔ ግን ሥራውን አልተውኩትም። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጥታኝ ከተማሪዎቼ ጋር እየቀጠልኩ ነው።

እትዬ ብርቄን ብታያቸው! ባለፈው ሰሞን ልጃቸው ለትምህርት ስትጠራ ባሏ አመነታ። እሳቸው ሕፃኑን የልጅ ልጃቸውን አዝለው፣ «ትሂድ፤ ይሄን እኔ አሳድገዋለሁ» አሉት። ይህ ያንተ ሥራ ነው፣ ታዴዬ።

እስካለሁ ድረስ አልረሳህም። ልጆችህም አባታቸው እናታቸውን ደስ ብሎት እንደሸኛት፣ ደስ ብሎት እንደተቀበላት እያወቁ ያድጋሉ።

ባለቤትህ ሰናይት
ከሐዋሳ