አራት እንቁላል በአንድ እጅ

ደባርቅ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሁዳ ሸሀቡ፣

አሰላሙ አለይኩም። በሙቀቱ አገር እንደምን ከርመሻል? እኛ ከደባርቁ ብርድ ጋር እየተገፋፋን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

በስልክ ብነግርሽ ስለምትከራከሪኝ በወረቀት ጻፍኩልሽ። ዩኒቨርሲቲ የምትሠሪው የሮቦት እጅ እንቁላል ሲሰብር ይኸው ሁለት ወሩ። በአንድ እጄ አራት አራት እያነሣሁ ሠላሳ ዓመት እንቁላል ስነግድ፣ አያያዝህን ቀርጸህ ላክልኝ ያለኝ ሰው የለም። ላንቺ ግን ሦስት ጊዜ ላክሁ። «አባ፣ በቀኝህ አንሣው» ትያለሽ። ግራስ እጅ አይደለም? ቀኙ ሥራ ይዟል ብያለሁ፣ አለቀ።

አሁን ደግሞ እንዳይወድቅበት ብለሽ ጣቶቹን አጠበቅሻቸው። ማን አጥብቂ አለሽ? ጣቶቹን ጎማ አልብሻቸው፣ እንቁላሉን ከሥር ይደግፉት፣ መንሸራተት ሲጀምር ብቻ ጠበቅ ያድርጉት። የሰው ጣት መንሸራተቱን ቀድሞ ያውቃል። ማወቅ ሲያቆም ነው ጣጣው።

ገበያው ደህና ነው። እንቁላሉን ከጭዱ እያነሣች የምትደረድረው አሁን እናትሽ ናት፤ እኔ ቆሜ አዛለሁ። ያለፈው ቅዳሜ ስለተሰበረው ብትነግርሽ አትስሚያት፣ ሣጥኑ ነው የተንሸራተተው። ጽሕፈቴ የተንጋደደውም በጠረጴዛው ምክንያት ነው።

እናትሽ ረህማ ሰላም ብላሻለች። አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ።

አባትሽ ሸሀቡ

ይሄ የብረት እጅሽ ግን እንቁላሉን ከቻለ በኋላ እስክሪብቶ መያዝ ይችል ይሆን? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።