ሳይመረቅ የሄደ ከበሮ

ሐይቅ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከጁሙዓ ሶላት በኋላ

ለልጄ ለአስር አለቃ ሙሀይሚን ሳሊሕ

አሰላሙ አለይኩም የኔ ዓለም! ደህና ነህ ወይ? ትከሻህስ? ያን የሚያህል ከበሮ አንጠልጥለህ ያን ሁሉ መንገድ ስትሰለፍ ጀርባህን አላመመህም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እህትህ ሒክማ ደህና ናት። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደ አባቷ ተዋጊ ናት። እኔም ደህና ነኝ። ተቆጥቼ ነው እንጂ ደህና ነኝ።

ምነው ደብዳቤ አልክ? በስልክ አፌ ይቀድመኛል፣ ታውቀኝ የለ! አንተ "እማ" ብለህ ሳትጨርስ እኔ ሦስት ነገር ተናግሬ፣ በሁለቱ ተጸጽቼ፣ አንዱን ደግሜ ስልኩን ጠርቅሜዋለሁ። ወረቀት ግን ይታገሳል። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ክፉው ቃል እስኪጻፍ ድረስ ይበርዳል። ሒክማ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። አንድ ፊደል እንዳታርምብኝ አስምያታለሁ።

አሥር ቀን ፈቃድ ተሰጥቶሃል አሉ። አራቱን ቀን ካምፕ ተኝተህ አሳለፍከው አሉ። ሒክማ "ለምን አትመጣም?" ብትልህ፣ "እማ ሳትመርቀኝ ሄጄ፣ ሳትመርቀኝ ተመለስኩ። አሁን ምን ልሠራ ነው የምመጣው?" አልካት አሉ። "አሉ" የምለው ሒክማ ስትነግረኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስለነበር ነው እንጂ ሰምቻለሁ።

እሺ፣ ይሁን። ግን መጀመሪያ የኔን በደል ትሰማለህ። እናት ነኝ።

ከሠራዊቱ ባንድ ጋር ለዚያ የውጭ አገር በዓል ልትበሩ ሳምንት ሲቀራችሁ በቴሌቪዥን ትቀርባለህ ተባለ። እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? መንደሩን ጠራሁ። የሙሉጌታ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ትልቅ ነው ብዬ ሴቱን ሁሉ እዚያ ሰበሰብኩ። ሙሉጌታ የባጃጅ ሾፌሮቹን ኳስ አቋርጦ ጣቢያውን ቀየረልን፤ ምድር ቀውጢ ሆነ። ፈሂማ እንኳ መጣች። ያቺ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰርጉ እሷ ዘፈን ስታወጣ እኔ ከበሮ ስመታ፣ አንድ ቀን "እጅሽ ጥሩ ነው" ብላኝ የማታውቀዋ ፈሂማ! "ልጄ ከማን እንደተማረ ዛሬ በጆሮሽ ትሰሚያለሽ" አልኳት።

ያቺ ጋዜጠኛ፣ አላህ ይስጣት፣ ልክ እኔ የምፈልገውን ጠየቀችህ። "አስር አለቃ፣ ከበሮ መምታት የት ተማርክ?" አንተ ቀጥ ብለህ ቆመህ፣ "ሠራዊቱ ውስጥ ነው። ካምፕ ከመግባቴ በፊት ከበሮ ነክቼ አላውቅም" አልክ።

ነክቼ አላውቅም! አንተን አዝዬ ነው እኮ ሰርግ ስመታ የኖርኩት። ከበሮው ከፊቴ፣ አንተ ከኋላዬ። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፣ ላይ እስከ አምባሰል ተራራ ድረስ፣ ሙሽራ ወጥታበት እኔና አንተ ያልቆምንበት ደጃፍ አለ? መራመድ ሳትችል ነው እኮ ጀርባዬን በጣትህ እየመታህ ምቴን ትከተል የነበረው!

ፈሂማ ዝም ትላለች? "ውይ መስኡዳ፣ ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ማንን ነው ስታስተምሪ የኖርሽው?" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ባለባጃጅ ደግሞ "እትየ፣ እንግዲህ ኳሱን እንመልሰው?" አለኝ። አስበኸዋል? ኳሱን እንመልሰው!

አንተ የማታውቀው ነገር አለ። አሁን ሰርግ የሚጠራኝ ሰው የለም። ከደሴ ቤት የሚያህል ስፒከር ይመጣል፣ አንድ ልጅ ኮምፒውተር ይጎረጉራል፣ አለቀ። ከበሮዬ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አራት ዓመቱ። "ወገቤን አሞኝ ተውኩት" እልህ የነበረው ውሸት ነው፤ ወገቤ ደህና ነው። እና አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ ስሜ ባንተ አፍ ቢጠራ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ሒክማ ስልኩን ይዛ መጣች። "እማ፣ ሙሀይሚን ነው። ከመብረሬ በፊት ዱዓ ታድርግልኝ ይላል።" እኔም አንተ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ካስተማረው ሠራዊት ይመረቅ!" አልኩ። ሰማህ። ሒክማ እንደምትለው "እሺ" አልክ፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እኔ ስጮህ ብትጮህብኝ ይሻል ነበር።

የዚያን በዓል ስም ሒክማ ሦስቴ ነግራኛለች፤ አፌ አይዝልኝም። የየአገሩ ወታደር በየዓመቱ መለከቱንና ከበሮውን ይዞ አንድ አደባባይ ላይ የሚሰለፍበት ነው አለችኝ። አላይም አልኩ። ወላሂ አላይም አልኩ። ከዚያ ክብሪት ልጠይቅ ብዬ ሙሉጌታ ጋ ሄድኩ። ቤቴ ሁለት ክብሪት አለ። ስገባ መንደሩ ሁሉ ተቀምጧል። ፈሂማ ፊቴን ሳታይ "ቦታ ይዤልሻለሁ" አለችኝ።

ስንቱ አለፈ መሰለህ! ላባ የሰካ፣ ፈረስ ላይ ሆኖ መለከት የሚነፋ፣ ዱላ ወደ ሰማይ ወርውሮ የሚቀልብ። ከዚያ ደግሞ ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ከብብታቸው ሥር ከረጢት አቅፈው እየነፉ መጡ።

"እትየ መስኡዳ፣ እነዚህ ወንዶች ናቸው?" አለ ሙሉጌታ።

"ጢማቸውን አታይም?"

"ታዲያ ቀሚሱ?"

"ያገራቸው ነዋ! አያቶቻቸው ለብሰውት ይሆናል። አንተን ምን አገባህ?" አልኩት። እዚያ አደባባይ ላይ አንድ ሰው አልሳቀባቸውም። ሰዉ ከመቀመጫው ተነስቶ ነው ያጨበጨበላቸው። ይህቺን ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ እናንተ መጣችሁ። መጀመሪያ በዱላ ነው የምትመታው፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ። ጥሩ ነው፣ አልጠላሁትም፤ ግን የሰው ነው አልኩ። ኋላ ዱላውን አስቀምጠህ ብቻህን ወደ ፊት ወጣህ፤ ያገራችንን ከበሮ አንገትህ ላይ አጠለቅክ። መጀመሪያ ያሳረፍከው ግራ እጅህን ነው።

በግራ የሚጀምር ከበሮ መቺ አምባሰልን ብታስስ አታገኝም። እኔ በግራ የምጀምረው የቀኝ እጄ ጣት በልጅነቴ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ስለቀረ ነው። ያንተ ጣት ደህና ነው። በግራ የምትጀምርበት ምን ምክንያት አለህ? ፈሂማ ጭኔን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ "መስኡዳ፣ ይኼ ያንቺ እጅ ነው" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት የነፈገችኝን ያን ቀን ሰጠችኝ።

የመታኸው ደግሞ የሙሽራ መውጫውን ነው። ሙሽራዋ ከእናቷ ደጃፍ እግሯን ስታነሳ ከበሮ ይቆማል። እናቷ መርቃ "አሁን ምቱ" እስክትል ድረስ ቆዳውን የሚነካ እጅ የለም። ትዝ ይልሃል ውጫሌ? ያቺ እናት ልጇን አኩርፋ አልመርቅም ብላ ዙሁር እስኪሰገድ ደጃፏ ላይ ቆመናል። ሰባት ዓመትህ ነበር። "እማ፣ ለምን አንመታም?" አልከኝ። "እናቷ ሳትመርቃት ከመታን ልጅቷን እኛ አባረርናት ማለት ነው" አልኩህ። ከበሮው ላይ ጭንቅላትህን አስደግፈህ ተኛህ።

እና አንተ እዚያ አደባባይ መሀል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየህ፣ ከኋላህ ያ ሁሉ መለከት አፍ ላይ ተደግኖ፣ ቆምክ። እጅህን ወደ ላይ አንስተህ ቆምክ። ፈረንጆቹ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ። አንተ ግን ንቅንቅ አላልክም። ሒክማ በኋላ ስልኳ ላይ እየመለሰች ቆጠረችው፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። እዚያ ያለው ሰው ምን እንደምትጠብቅ አላወቀም። ሻይ ቤት ያለው ሴት ግን ሁሉ አወቀ። አንድ በአንድ ዞረው አዩኝ። ፈሂማ እንባዋ እየወረደ "በይ እንጂ! ልጁ እኮ ቆሞልሻል!" አለችኝ።

ያ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩን የሚያስቀምጥ አፌ፣ ያ ለሞተም ለተዳረም ቃል አጥቶ የማያውቅ አፌ፣ ደረቀ። የሻሼን ጫፍ አፌ ውስጥ ከተትኩ። የተሳቀብኝ እዚያው ቤት ነበርና ኩራቴ ያዘኝ። በቴሌቪዥን ብመርቀው ምን ይሰማል አልኩ ለራሴ። ይሰማል አይሰማም መች ቸግሮኝ ያውቃል?

አንተ አንገትህን ደፋ አደረግክ፤ መታህ። ከበሮው ሳይመረቅ ሄደ። ሠላሳ ዓመት ሰርግ ስመታ ያለ ምርቃት የሚሄድ ከበሮ ሰምቼ አላውቅም። ከልጄ እጅ ሰማሁት።

ወደ ቤቴ ስመለስ እነዚያ ባለቀሚሶች ከዓይኔ አልሄድ አሉ። ዓለም ሁሉ እያያቸው ቀሚስ ለብሰው የተሰለፉ ወንዶች ካልተሳቀባቸው፣ ልጄ ከእናቴ ተማርኩ ቢል ማን ይስቅበት ነበር? ይህን እያልኩ ስቆጣ፣ እግሬ መናኸሪያው ጋ ሲደርስ ቆመ።

አንተ መቼም አልረሳኸውም። ለሠራዊት ስትሄድ አሥራ ስምንት ዓመትህ ነው። ባሱ ሞተሩን አስነስቷል። ኮሌታህን እያስተካከልኩ፣ "አደራህን፣ ከበሮ ከሴት ተማርኩ እንዳትል። ከሰርግ ቤት ሴቶች መሀል አደገ ብለው ወንዶቹ ይሳለቁብሃል። ከጠየቁህ ነክቼ አላውቅም በል" አልኩህ። አንተ ሳቅክ። እኔ አልሳቅሁም። "ወላሂ በል" አልኩህ። "ወላሂ" አልክ። ባሱ ሄደ።

ረስቼው ነበር ልበልህ? አልረሳሁትም ሙሀይሚን። የማላይበት ቦታ አስቀምጬው ነው። አንተ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኔን ቃል ጠበቅህ፤ እኔ ቃሌን ስለጠበቅክ ቀጣሁህ።

ሌላም አለ፤ እጄ ከጀመረ አይቀር ልጨርሰው። በየሄድኩበት "ፊደል ማንም አላስተማረኝም፤ በራሴ ነው" እያልኩ ስጎርር ስንቴ ሰምተኸኛል? አንደኛ ክፍል ሆነህ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደብተርህን ከበሮዬ ላይ ዘርግተህ፣ ይቺን ጠማማ ጣቴን ይዘህ "ሀ" ያስጻፍከኝ አንተ ነህ። እናትህ በሰው ፊት ስትክድህ አንድ ቀን "እኔ ነኝ" አላልክም። ዝም ብለህ ፈገግ ትል ነበር። እኔ አንድ ቀን ብትክደኝ ሰማይ ተደፋብኝ አልኩ።

አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ። ይህቺን ቃል ቀስ ብዬ ነው የጻፍኳት።

መሐላውን ያስማልኩህ እኔ ነኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ የለብህም። ሸኹን ጠይቄ ለመሐላው ማካካሻ ምስኪን እያበላሁልህ ነው። ከእንግዲህ ከማን ተማርክ ሲሉህ የፈለግኸውን በል። ሠራዊቱም ኖታ አስተምሮሃልና እሱንም አትካድ።

ከፈቃድህ ስድስት ቀን ይቀራል። ከበሮዬን ከግድግዳ አውርጄ ከትናንት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። ቆዳው ላልቶ ሲመታ እርጥብ ጨርቅ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ትንሽ ነቃ። ሙሉጌታ ሲያልፍ አይቶ "እትየ፣ ሰርግ አለ እንዴ?" አለኝ። "ልጄ ይመጣል" አልኩት። እንግዲህ ውሸታም አታድርገኝ፤ እስካሁን የዋሸሁት ይበቃኛል።

አሁን ደጃፌ ላይ ቆሜያለሁ። አንዱ እጄ ወደ ሰማይ ነው፤ አንዱ ይጽፋል፤ ለዚህ ነው መስመሩ የተጣመመው። አሥራ አንድ ሰከንድ የጠበቅከኝን ይኸው፦

አላህ መንገድህን ያቅናልህ። እጅህን ከድካም፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልህ። የትም አገር ብትጠራ ለከበሮ እንጂ ለጥይት አያስጠራህ። ወግ ማዕረግህን ያሳየኝ፤ የሙሽራህን ከበሮ በዚህች በጠማማ እጄ ልምታልህ። እኔ አዝዬህ ስመታ ከበሮው ከፊቴ፣ አንተ ከኋላዬ እንደነበርክ፣ ከበሮህ ከፊትህ፣ ዱዓዬ ከኋላህ ይሁን።

አሚን በል። ሒክማ ብላለች። ፈሂማም በአጥር ላይ ተንጠልጥላ ብላለች፤ ማን እንደጠራት እንጃ።

መርቄሃለሁ ልጄ። አሁን ምታ።

ከበሮ ያስተማረችህ፣ ፊደል ያስተማርካት
እናትህ መስኡዳ