የለም ካላችሁት ሰው የተላከ

ለክፍት ግራፊክስ ፕሮጀክት የኮድ ገምጋሚዎች ኮሚቴ፤
ባላችሁበት።

ክቡራንና ክቡራት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንዴት ነው? ወገባችሁስ? አሥራ አራት ወር ሙሉ ተቀምጦ አርባ አንድ መስመር ኮድ ማንበብ ወገብ እንደሚፈትን ስለማውቅ፣ እዚህ ሾርላይን ሆኜ እናንተን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። እኔ በውሳኔያችሁ መሠረት ባልኖርም ደህና ነኝ። በአማርኛ ስለጻፍኩ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በእንግሊዝኛ ስቀልድ ምን እንደሚከተል ስላየሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከሃያ ዓመት በፊት አንድን የግራፊክስ ካርድ ከኮምፒውተር ጋር የሚያግባባ ድራይቨር ጽፌ ለፕሮጀክታችሁ በነጻ ሰጠሁ። ያ ካርድ ዛሬም በሰፈራችን አዳራሽ፣ በሐሙሱ የዜግነት ትምህርት ክፍል ስድስት ኮምፒውተሮች ውስጥ አለ። አምና ኮምፒውተሮቹ አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰር ባላቸው ተተኩ፤ ካርዶቹ እንዳሉ ቀሩ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። የድሮው ፕሮሰሰር ለካርዱ የሚላከውን ትእዛዝ በተራው ያደርስ ነበር። አዲሱ ግን እንደተመቸው ስለሚያደርስ፣ «ሥዕሉን አውጣ» የሚለው «ሥዕሉ ይኸውልህ» ከሚለው ቀድሞ ይደርሳል። የልጅ ልጄ መቅሊት «ፊተኛው ሳይደርስ ኋለኛው አይነሣ» የሚሉ አርባ አንድ መስመሮች ጨምራ ላከችላችሁ። እኔም ሞከርኩት፣ ሠራ፣ «ሞክሬዋለሁ» ብዬ ፈረምኩ። ከዚህ በኋላ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. በስድስተኛው ወር፣ በአሥራ ሰባተኛው መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ትርፍ ባዶ ቦታ መኖሩን ስላስታወቃችሁን። ባዶውን ቦታ በዚያው ቀን አነሣነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ዝም ስትሉ የባዶ ቦታው ሐዘን ይሆናል ብዬ አልተቀየምኩም።

፪ኛ. «መቅሊት ሃረጎት» እና «ሃረጎት ዑቕባሚካኤል» በሁለት ስም የሚነግድ፣ የራሱን ኮድ ራሱ ሞክሮ የሚፈርም አንድ ሰው መሆናቸውን፣ ሃረጎት የሚባለውም እንደሌለ ስለደረሳችሁበት። ልጄ ኢሳቅ የአሜሪካ ወረቀት ሲሞላ የቤተሰብ ስም ተጠየቀና የአባቱን፣ ማለትም የእኔን ስም ጻፈ፤ እሷም ወረሰችው። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር። እናንተ ግን በጥያቄ ልታስቸግሩን አልወደዳችሁም።

፫ኛ. ቀልዴን በቁም ነገር ስላነበባችሁልኝ። በሙከራ ማስታወሻዬ ላይ «ኮዱን የጻፈችውን ልጅ በደንብ አውቃታለሁ፤ ስሜን ይዛ ነው የምትዞረው» ብዬ ጽፌ ነበር። እኛ ዘንድ ይህ የአያት ጉራ ነው። እናንተ ዘንድ የተጠርጣሪ የእምነት ቃል ሆነና የልጅቱን አካውንት ዘጋችሁ። መቅሊት ውሳኔውን አንብባ «አባሓጎ፣ ሲሪየስሊ?» አለችኝ፤ «አያቴ፣ የምርህን ነው?» ማለቷ ነው። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። በቀልዴ ያኮረፈ ሞልቷል፤ በቀልዴ ያለቀሰች ግን እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

፬ኛ. የድራይቨሩን ፋይል ስትከፍቱ አናቱ ላይ የጸሐፊው ስም አለ። የማን ስም እንደሆነ ስላላያችሁ አመሰግናለሁ፤ ብታዩት ኖሮ ለሃያ ዓመት የነበረ ሰው ዘንድሮ እንዴት እንደጠፋ ማስረዳት ሊያደክማችሁ ነበር።

ጨዋታው እዚህ ላይ ይብቃ።

ወይዘሮ ሣህሊቱ የስድሳ ሦስት ዓመት ሴት ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከቱክዊላ በባቡር ይመጣሉ። ዐይናቸው ስለደከመ፣ ለዜግነት ፈተና የእንግሊዝኛውን ንባብ የሚለማመዱት ፊደሉን መዳፍ አሳክሎ በሚያሳይ በእኛ ስክሪን ነበር። አዳራሹ ከእናንተ እጅ ያልወጣ ሶፍትዌር አያስጭንም። መድኃኒቱ በመቅሊት እጅ እያለ እሳቸው ከጥቁር ስክሪን ፊት ስንት ሐሙስ ተቀምጠው ተመለሱ። ባለፈው ወር ተፈተኑ። የታሪኩን ጥያቄ ሁሉ መለሱ፤ ንባቡ ላይ ወደቁ። የቀራቸው አንድ ዕድል ብቻ ነው። ሲወጡ ያጽናኑት እኔን ነበር፤ «አይዞዎት አቶ ሃረጎት፣ ኮምፒውተሩ ታሞ ነው እንጂ እርስዎ ምን ያድርጉ» አሉኝ። የታመመው ማን እንደሆነ ልነግራቸው አፈርኩ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምናችሁ፣ የልጅቱን አካውንት እንድትከፍቱና አርባ አንዱን መስመር ከሁለተኛው ፈተና በፊት እንድትቀበሉ ነው። ሁለት ሰዎች ለመሆናችን ማስረጃ ካስፈለገ፣ በቪዲዮ ኮል አድርጉልንና ጎን ለጎን ተቀምጠን እንታያለን። ጸጉር ያላት እሷ ናት።

ኮሚቴው እስኪያጸድቀው ድረስ በጊዜያዊነት በሕይወት ያለሁ፣ አክባሪያችሁ፣

ሃረጎት ዑቕባሚካኤል
የመቅሊት ሃረጎት አያት
ሾርላይን፣ ከሲያትል በስተሰሜን

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ የወይዘሮ ሣህሊቱ ሁለተኛ ፈተና እንዲገፋላቸው ለዜግነት ቢሮው ማመልከቻ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። አገር ምድሩ በመዘግየቱ የሚያማው ያ ቢሮ በአሥራ አንድ ቀን መለሰልኝ፤ ስለ መኖሬም አልጠየቀኝም። ሊገፋ የሚችለውን ያህል ገፍቶላቸዋል። የእናንተ ቀጣይ ስብሰባ ከፈተናቸው አራት ቀን በኋላ ነው።