«ተመስገን» ላሉ እናት የተሰጠ የሳይንስ ትምህርት

ለተከበሩ የክረምት ሳይንስና የዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ፕሮጀክት አስተባባሪ፤
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ የሰቆጣ አቧራ ያለበሰው መኪናዎም ታጥቦ እንደ ቀድሞው እንደሚያምር ተስፋ አለኝ። እኔ ፊዚክስን ያለ ቤተ ሙከራ፣ በጠመኔ ብቻ የማስተምር መምህር ነኝ። ለችግረኛ ልጆች ማይክሮስኮፕ ይዘው በመምጣትዎ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በ1998ቱ የክረምት ትምህርት ተማሪዬን ጥሩሐረግን ስላልተቀበሉልን እናመሰግናለን። ከጋዝጊብላ መጥታ በኪራይ ቤት የምትማር፣ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ፣ ሐኪም መሆን የምትመኝ ልጅ ናት። አጣሪዎችዎ መንደሯ ድረስ ወጥተው እናቷን ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስን «ችግር አለባችሁ ወይ?» ብለው ጠየቋቸው፤ እሳቸውም እንደ አገሩ ወግ «ተመስገን፣ ምን ጎድሎን» አሉ። አጣሪዎቹም እናትየዋ ከጎረቤት ተበድረው ያቀረቡላቸውን ጠላ ጠጥተው ሲያበቁ «ችግር የለባቸውም» ብለው ጻፉ።

ሁለተኛ፣ የሆቴል ባለቤቱን የአቶ ቅጣውን ልጅ በችግረኛነት ስለመረጡ አድናቆቴ ወሰን የለውም። ክቡርነትዎ የቤቱን ጥብስ በልተው እጅዎን ሲታጠቡ፣ አቶ ቅጣው ፎጣ ይዘው «የምንበላው የለንም» ማለታቸውን አስተናጋጆቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል እሰማ ነበር፤ ትምህርትም እንደማይገባ ያስተማሩኝ ግን እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛ፣ አቤት ልል ቢሮዎ ስመጣ «እናትየዋ ራሷ የተናገረችው ነው» ብለው በትሕትና ሸኙኝ። እውነት ነው፣ ተናግረዋል። እኛ ዘንድ ሰው ቤቱ ቢቃጠልም ተመስገን ይላል፤ ገመናን ለእንግዳ መዘርገፍ ነውር ነው። ይህን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያሻም ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ጓዳ ማየት ይበቃል። እጅግ ተናድጃለሁ።

ጥሩሐረግ ማይክሮስኮፕን በሥዕል ብቻ አጥንታ ባለፈው ዓመት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ተቀመጠች፤ በጥቂት ነጥብ ወደቀች። አሁን መንደሯ ተመልሳለች፤ የሚያጫት ቤትም እየተፈለገ ነው። እናቷ ልጃቸውን ያስቀራት የራሳቸው ቃል መሆኑን አያውቁም፤ ልነግራቸውም አልደፈርኩም።

ለችግረኞች በሚያደርጉት ርኅራኄ እየተደነቅሁ፣ ለመጪው ክረምትም ችግራቸውን አሳምረው የሚናገሩ ችግረኞች እንዲያጋጥሙዎ ከልብ የምመኝ፣
መምህር ወልደ ሐዋርያት
ሰቆጣ፣ መስከረም 2000 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ባለፈው ገበያ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስን አግኝቼ «ልጅዎ እንዴት ናት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ተመስገን» አሉኝ። ይህንንም ይመዝግቡልኝ።