ስለ ባለ ሁለት ወንበሯ መኪናችን የኋላ መቀመጫ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ፤ በተለይ ወገብዎ። ስለ ወገብዎ ለምን እንደተጨነቅሁ ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ጀርባ ያለችው ጋራዥ ባለቤት ነኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እናቴን በሠርጋቸው ቀን የወሰደባት ቀይ የስፖርት መኪና እሱ ከሞተ ወዲህ ዶሮዎች እንቁላል ሲጥሉባት ኖራለች። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ብርሃኑ ብዙ እንደማይቆይ ሐኪሙ ነግሯታል። ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንድ ጊዜ በዚያች ወንበር ተቀምጬ መንገዱን ልየው ብላ ለመነችኝ። የእናት ልመና ነውና ሞተሩን አውርጄ ፈታሁ፣ ካርቡራተሩን አጠብኩ፣ ፍሪሲዮኑን ቀየርኩ፣ የወንበሮቹን ሞላ ጠግኜ አዲስ ቆዳ አለበስኩ። የቀረኝ የእርስዎ ማኅተም ብቻ ነበር። "ብቻ" ማለቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ያኔ አላውቅዎትም ነበር።

ስለ መስተንግዶዎ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ መኪናዋን እየነዳሁ ስመጣ፣ የታደሰ ዕቃ ለየብቻው በመስኮት በኩል እንጂ ተገጣጥሞ እንደማይመረመር ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የገጠምኩትን ሁሉ እዚያው ግቢዎ ውስጥ መልሼ ፈታሁት። ካርቡራተሩ ምድር ቤት፣ ፍሬኑ ፎቅ ላይ ታየ። ሞተሩ ግን በመስኮቱ አልገባ ስላለ ሌላ ቀን ቀጠን ብሎ ይምጣ ተባለ።

ሁለተኛ፣ መሪው አንዳች እንከን ስላልተገኘበት ለብቻው በመንገድ ላይ እንዲሄድ ፈቃድ ሰጥተውታል። እግዜር ይስጥልኝ። እስካሁን ከተሰቀለበት ምስማር አልወረደም፤ ስንፍናውን ከእኔ የወረሰው ይሆናል።

ሦስተኛ፣ አንዱ መርማሪዎ የኋላ ወንበር የላትም ብለው ጣሏት። ስትሠራም ባለ ሁለት ወንበር ነበረች ብዬ ባስረዳ፣ እንግዲያው ፋብሪካው ራሱ ቀርቦ ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። ፋብሪካው ከተዘጋ ዘመናት አልፈዋል። እኔ ታዛዥ ነኝና የኋላ ወንበር ሠራሁላት፤ ቦታው ዕቃ መጫኛው ውስጥ ስለሆነ ተሳፋሪው ክዳን ተዘግቶበት ነው የሚሄደው። መርማሪዎ ገብተው ሞከሩት፤ ከውስጥ ሆነውም ደንበኛ ነው ብለው አጸደቁልኝ። የክዳኑ ቁልፍ እስኪገኝ ድረስ ጥቂት እዚያው ቆዩ፤ የዚያን ዕለት ሥራው ከወትሮው ቀልጠፍ ብሎ መዋሉን ባለጉዳዮች ሁሉ መስክረዋል።

አራተኛ፣ ይቺኛዋ ታንገበግበኛለች። ሌላው ዕቃ ሁሉ ሲመለስልኝ የእናቴ ወንበር ብቻ ምቾቱ በጥልቀት ይጠና ተብሎ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ወንበሩን ልጠይቅ ቢሮዎ ብገባ፣ የእንጨት እግር ተተክሎለት እርስዎ ተንሰራፍተውበታል። ጥናቱን በራስዎ መቀመጫ መያዝዎ ትጋትዎን ያሳያል። ነገር ግን ያንን ሞላ ለአንዲት ቀጭን አሮጊት ነው የሠራሁት፤ ለእርስዎ ወገብ ዋስ አልሆንም። ደግሞም ጌታዬ፣ የእናቴ ዓይን እንደ እርስዎ ቀጠሮ አይራዘምም። ይህን ስጽፍ ብዕሬ ወረቀቱን ቀደደው፤ ከአክብሮት እንዳይመስልዎ።

በፈታሁት ብሎን ልክ እያከበርኩዎት፣ ወንበርዎ እንዲሰፋ ሳይሆን እንዲመለስ እየተመኘሁ፣

ፈቃድ ያለው መሪ ባለቤት፣
ጎረቤትዎ መካኒክ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ሲነበብላት እናቴ፣ ወንበሩ ወደ እኔ ካልመጣ እኔ ወደ ወንበሩ እሄዳለሁ ብላለች። ሰኞ ጠዋት ሻሿን አስራ ቢሮዎ ትመጣለች። ወንበሩን ይልቀቁላትና በመስኮትዎ በኩል መንገዱን ትየው። እርስዎ ከጎኗ ቆመው የሞተር ድምፅ ያሰሙላት፤ ሳይንቀሳቀሱ መጮህ ለመሥሪያ ቤትዎ አዲስ አይደለም። ዓይኗ ደካማ ነውና በአባቴ ተሳስታ እጄን ትይዝ ይሆን ብለው አይሥጉ፤ ለአፍታም አትሳሳትም፤ እሱ ሴት ቆማ ሲያይ ከወንበሩ የሚነሣ ሰው ነበር።